ሐዋሳ ቡናዋን ትቅመስ

ሐዋሳ ላይ ቡና ለመጠጣት ብሎ ሩቅ የሚሄድ ሰው የለም። ጎህ ሲቀድ በመናኸሪያው ዙሪያ ከሰሉ ተቀጣጥሏል። ረፋድ ላይ ከቢሮ ብቅ ያለው ሠራተኛ ዱካ ስቦ ስኒውን ይቀበላል፤ ሲመሽ በፍቅር ሐይቅ ዳር የሚንሸራሸረው ሰው የእጣኑን ጭስ ተከትሎ አረፍ ይላል። የባጃጅ ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ አንዷን ጨልጦ ይነሳል። ለፈተና የሚያመሽ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁለተኛውን ያዛል። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃዋን ጨርሳ የወጣች ወጣትም ወደ ኪራይ ቤቷ ከመግባቷ በፊት የቡና አጣጪዎቿን ታገኛለች። ቡና የማይወድ ሰው በዚህች ከተማ ካለ፣ ዝም ብሎ ነው የሚኖረው።

ይህን ሁሉ ስኒ የምታነሳ ከተማ ግን ደጇ ላይ የሚበቅለውን ቡና እምብዛም አታውቀውም።

ነገሩ ማጋነን ይመስላል። ሐዋሳ የሲዳማ ክልል መዲና ናት። ከከተማዋ ወደ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ የሚወስዱት መንገዶች ሸበዲኖን፣ ዳሌን፣ አለታ ወንዶን፣ ቦናን፣ አርቤጎናንና በንሳን እያቆራረጡ የሚያልፉት በቡና መሀል ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት በየማጠቢያ ጣቢያው እሸት ቡና ይራገፋል፤ የማድረቂያ አልጋዎቹ ይሞላሉ፤ የጫኑ መኪኖች በሐዋሳ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይጎርፋሉ። መጉረፉ ላይ ነው ችግሩ። መኪናው ያልፋል፤ ቡናው አይወርድም።

እ.ኤ.አ. በ2020 «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው ዓለም አቀፍ የቡና ጥራት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ተካሄደ። ከመላ አገሪቱ 1,459 ናሙናዎች ቀረቡ፤ ዳኞች በየደረጃው እየቀመሱ አጣሩ፤ አንደኛ የወጣው የሲዳማው ገበሬ ንጉሤ ገመዳ ሙደ ቡና ሆነ። በጨረታው አንዱ ፓውንድ በ185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ፤ በኪሎ ሲሰላ ከ400 ዶላር በላይ ማለት ነው። በዓመቱ ደግሞ ታምሩ ታደሰ የተባለ ሌላ የሲዳማ ተወዳዳሪ ከበንሳ ባመጣው ቡና አንደኛ ወጣ፤ የእርሱ ፓውንድ 330 ዶላር አወጣ። በንሳ ከሐዋሳ ከመቶ ኪሎ ሜትር አለፍ የሚል መንገድ ነው፤ በጠዋት አውቶብስ ተሳፍሮ የሚደረስበት። የበንሳን ቡና ቀምሶ ከሌላው ለይቶ የሚያውቅ ሰው ግን ከሐዋሳ ይልቅ በቶኪዮ ወይም በሲድኒ አንድ የቡና መሸጫ ውስጥ በቀላሉ ይገኛል።

የሐዋሳ ሰው ታዲያ ምን ይጠጣል? በአብዛኛው ከውጭ ገበያ የተረፈውን። የኢትዮጵያ የቡና ግብይት ሥርዓት ለውጭ ገበያ የሚመጥን ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሲከለክል ለረጅም ዓመታት ኖሯል። ለአገር ውስጥ ፍጆታ የሚወጣው ከላኪዎች ማበጠሪያ ተለይቶ የቀረው፣ የተሰባበረው፣ የጠቆረው፣ ደረጃ ያልሞላው ነው። ምክንያቱ የታወቀ ነው፦ የውጭ ምንዛሪ። ዘመድ ከገጠር አንድ ቁና ጀንፈል የሚልክለት የሐዋሳ ቤተሰብ ዕድለኛ ነው፤ እርሱ ደንቡን በዘመድ በኩል ዞሮታል። ሌላው ግን ገበያ ወጥቶ ያገኘውን ይሸምታል። የሚያሳዝነው ደግሞ ዋጋው ነው። የአገር ውስጥ ገበያው በየጊዜው የውጭውን ዋጋ ሲበልጥ ቆይቷል፤ ሰው ለተራፊው ከምርጡ በላይ የከፈለበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ላኪዎች ሲያማርሩ የኖሩትም በዚሁ ነው፦ ቡናው ወደ ውጭ ሲላክ የሚያከስር፣ ደንብ ተጥሶ አገር ውስጥ ሲሸጥ የሚያተርፍ ሆነባቸው።

ይህ ተራፊ የአገሬውን አፍ ቀርጾታል። በየቤቱ ቡና ሲቆላ ዘይቱ ወጥቶ እስኪያብረቀርቅ፣ ወደ ጥቁርነት እስኪጠጋ ድረስ ምጣዱ አይወርድም። ብዙ ሰው ይህን የባህል ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያየዋል። በውስጡ ግን የኑሮ ብልሃት አለበት። የሻገተ፣ አፈር አፈር የሚል ወይም ያለ ቅጥ የፈላ ፍሬ ሲያርር ጉድለቱ በምሬቱ ይሸፈናል። ምሬቱ ደግሞ በስኳር ይሸፈናል። በሐዋሳ መንገድ ዳር አንዷ ትንሽ ስኒ ውስጥ ሁለትና ሦስት ማንኪያ ስኳር መግባቱ ለዚህ ነው። እዚያው ሲዳማ ገጠር ውስጥ በጨው ወይም በቅቤ የሚጠጡ ሽማግሌዎች ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሉ መገመት አያዳግትም። ቡና ሲወደድ ገብስ ቀላቅሎ መቁላትም የቆየ ዘዴ ነው፤ በደንብ ባረረ ቡና ውስጥ ገብሱን ማን ይለየዋል?

አንድ ጥሩ የታጠበ የሲዳማ ቡና ግን ቁላቱ መሀል ላይ፣ ቡናማ ሳለ ወርዶ፣ ፈልቶ ሲቀርብ ሌላ ነገር ነው። የሎሚ ቃና አለው፤ አንዳንዱ የአበባ ሽታ ይዞ ይመጣል። ያልታጠበው፣ ከነገለባው በፀሐይ የደረቀው ደግሞ እንጆሪ የመሰለ ጣፋጭነት አለው። ልዩነቱ ከቁላቱ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ከፍታው አለበት፤ የበንሳ ምርጥ ቡናዎች የሚመጡት ከሁለት ሺህ ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ካለ መሬት ሲሆን፣ በብርዱ ምክንያት ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል። ዝርያው አለበት፤ ገበሬው ኩሩሜ፣ ወሊሾ፣ ደጋ ብሎ የሚጠራቸው የአገሬው ዓይነቶች አሉ፤ 74110፣ 74112፣ 74158 በሚሉ ቁጥሮች የሚታወቁትም አሉ። የቁጥሮቹ ነገር ራሱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ቡና ላይ የፍሬ በሽታ ተከስቶ አገሩን ሲያምስ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ ፍለጋ ጫካ ለጫካ ዞሩ፤ በቁጥሮቹ መነሻ ላይ ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት፣ 1974፣ ነው። ዛሬ በበንሳ ተራሮች ላይ የሚለቀመው ቡና የእነዚያ ዛፎች ልጅም ጭምር ነው።

ይህንን ልዩነት ሐዋሳ ውስጥ በየቀኑ የሚቀምሱ ሰዎች አሉ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በከተማዋ ቅርንጫፍና መጋዘን አለው፤ የሚገባው ቡና ሁሉ ናሙና ተወስዶለት ይመረመራል። ጥሬው ላይ በዓይን የሚታየው ከመቶ አርባውን ነጥብ ሲይዝ ስኒው ውስጥ የሚገኘው ጣዕም ስድሳውን ይይዛል። ቀማሾቹ ፈካ አድርገው ይቆላሉ፣ ይፈጫሉ፣ ዱቄቱን ያሸታሉ፣ ውኃ ያፈሱበታል፤ አራት ደቂቃ ያህል ጠብቀው ላዩ ላይ የጋገረውን በማንኪያ ሰብረው እንደገና ያሸታሉ፤ ከዚያ ከማንኪያው እየሳቡ ቀምሰው ይተፉታል። ስኳር የሚባል ነገር እዚያ ክፍል አይገባም። የሙያው ሰዎች ቀዝቀዝ ሲል ደግመው ይቀምሳሉ፤ ትኩስ ሳለ የተደበቀው ጣዕም ያን ጊዜ ይወጣልና። ይህ ሁሉ የሚደረገው ቡናው ደረጃ ወጥቶለት ወደ ሌላ አገር እንዲሄድ ነው። ከክፍሉ ውጪ፣ ሁለት መቶ ሜትር ራቅ ብላ ጀበና ጥዳ የተቀመጠችው ሴት የዚያ ናሙና ሽታ እንኳ አይደርሳትም።

«ሕዝቡ የለመደውን ለምን እንነካበታለን?» የሚል ሰው ይኖራል። መልሱ ታሪክ ውስጥ አለ፤ ቡና መውደድ በዚህ አገር የተለመደ፣ የተማሩት ነገር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የሰሜኑ ክርስቲያን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ ይሸሸው ነበር፤ ተጓዦች ጽፈውታል። ልማዱ የተለወጠው በመቶ ዘመኑ መጨረሻ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስ ውግዘቱን ማለዘባቸው ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት አስፍሯል። ዛሬ ከጥንት ጀምሮ የነበረ የሚመስለው የሦስት ስኒ ሥርዓት በብዙ የክርስቲያን ቤቶች የጥቂት ትውልዶች ዕድሜ ያለው ነው። ማኪያቶ ደግሞ ከዚያም የቀረበ ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ቆይቶ ሲሄድ የኤስፕሬሶ ማሽን ትቶ ሄደ፤ ቶሞካ የተባለው ቡና ቤት በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1953 ተከፈተ፤ ልማዱ ከፒያሳ ተነስቶ በየክፍለ ሀገሩ ተዛመተ። ሐዋሳ ራሷ በ1950ዎቹ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ እርሷና ማኪያቶ አብረው አደጉ ማለት ይቻላል። እንዲህ በፍጥነት ይህን ሁሉ የለመደ አፍ፣ የሎሚ ቃና ያለው አቦል መልመድ አያቅተውም።

ለነገሩ እያንዳንዱ ጠጪ ይህን መንገድ በግሉ አልፎታል። ቡና ወዶ የተወለደ የለም። ልጅ ሳለ ቢበዛ በረካው ላይ፣ ቀጥኖና ስኳር በዝቶበት ከእናቱ ስኒ ይቀምሳል። ጎረምሳ ሲሆን ወተት ከበዛበት ማኪያቶ ይጀምራል። ከዚያ ወተቱ ይቀንሳል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ጀበና ቡና ጋ ይደርሳል፤ ሥራ ሲይዝ ያለ ጠዋቱ ስኒ ራሱን ያመዋል። ብዙው ሰው እዚያ ላይ ይቆማል፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚወጣበት ደረጃ አልቀረበለትም። ስኳሩን ለሁለት ሳምንት በግማሽ ቀንሶ የሞከረ ሰው ግን የሚያስተውለው ነገር አለ፦ ክፉው ቡና ክፉነቱ ይጋለጣል። ደጉም እንዲሁ። ስኳር ቀንስ የሚለው ምክር ከሐኪም ሲመጣ ቅጣት ይመስላል፤ ከቡና ወዳጅ ሲመጣ ግን ጥቅሙ ለምላስ ነው።

ጤና ከተነሳ አይቀር፣ ስለ ልማዱ ሰዓትና መጠን የሚባለውን ማለፍ አይገባም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን ቢወስድ ስጋት እንደማይሆን ገልጿል። ካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ማታ አንድ ሰዓት ላይ የተጠጣችው ስኒ እኩለ ሌሊት ላይ ገና ሥራ ላይ ናት። ለሐዋሳ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ብረት ነው። ቡና ከምግብ ጋር ወይም ምግብ እንደተበላ ወዲያው ሲጠጣ ሰውነት ከእህልና ከአትክልት የሚያገኘውን የብረት ማዕድን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን ይህ ጉዳት አይታይም። ምሳዋን በልታ ወዲያው ስኒ የምታነሳ ወጣት የፋብሪካ ሠራተኛ ይህን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል፤ ለሴቶች የብረት እጥረት ቀላል ነገር አይደለም። በተጨማሪም የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ቡናን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት ዝርዝር ሲያወጣ፣ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ ማንኛውም መጠጥ ግን የምግብ ቧንቧ ካንሰር የማምጣት ዕድል እንዳለው አስጠንቅቋል። እያቃጠለ ካልሆነ ቡና አልጠጣሁም የሚሉ ሰዎች ቅር ይላቸው ይሆናል። ቀማሾቹ እንደሚያደርጉት ቀዝቀዝ ሲል መጠጣት ለጣዕሙም ለጉሮሮውም ይበጃል።

ወደ ዋናው ክርክር እንመለስ። ጥሩው ቡና አገር ውስጥ ከቀረ ዶላሩ ይቀንሳል የሚለው ስጋት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። አገሪቱ በ2017 በጀት ዓመት (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ከ460 ሺህ ቶን በላይ ቡና ልካ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብታለች፤ ይህ እስከዚያ ድረስ ታይቶ የማይታወቅ ገቢ ነበር። የዓለም ዋጋም እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ በፓውንድ ከአራት ዶላር አልፎ ክብረ ወሰን ሰብሯል። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ለራሳችን እናስቀር» ማለት የቅንጦት ወሬ ይመስላል።

ብራዚልን ማየት ግን ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ብራዚላውያን የሚጠጡት ቡና ተራፊ ነበር፤ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት፣ አርሮ የተቆላ። ሰውም እየተወው ነበር። የአገሪቱ ቡና ቆዪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1989 የንፅህና ማረጋገጫ ማኅተም አወጣ፤ ያልተቀላቀለ ቡና የሸጠ ብቻ በማሸጊያው ላይ ይለጥፈዋል። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ተመለሰ። ዛሬ ብራዚል በዓመት ከ20 ሚሊዮን ኬሻ በላይ እዚያው አገሯ ትጠጣለች፤ ያም ሆኖ የዓለም ቀዳሚ ላኪነቷን የነጠቃት የለም። ኢትዮጵያም ከምታመርተው ቡና ትልቅ ድርሻውን ራሷ ትጠጣለች። ይህን ያህል የሚገዛ ደንበኛ የትኛውም ነጋዴ ጋ ቢሄድ ወንበር ተስቦለት ይቀመጣል።

ደግሞም የውጭው ገበያ ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ዋጋ በፓውንድ ከ50 ሳንቲም በታች ወርዶ የሲዳማ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለበትን ጊዜ ያየ ሰው አሁንም በሕይወት አለ። ከሐዋሳ አቅራቢያ ወንዶ ገነትን ያየ ሰው ጫት ምን ያህል መሬት እንደያዘ ያውቃል። በዚያ ክፉ ዓመት አጠገቡ ያለችው ትልቅ ከተማ ጥሩ ቡና ለይታ፣ ዋጋውን ከፍላ የምትገዛ ቢሆን ኖሮ ገበሬው መጥረቢያ ከማንሳቱ በፊት ቆም ይል ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በአሜሪካ ተሟግቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ከቡና ኩባንያው ስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሷል። በስታርባክስ ከተማ በሲያትል ስሙ የተጠበቀለት ቡና ሐዋሳ ገበያ ላይ ስም የለውም፤ ዝም ብሎ «ቡና» ተብሎ በጣሳ ይሰፈራል።

ሕጉ በሌላ በኩል ላልቷል። የ2009ኙ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ከወጣ ወዲህ ገበሬው ራሱ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚልክበት በር ተከፍቷል። የበንሳ ገበሬ ቡናውን በስሙ ለቶኪዮ ቡና ቆዪ መሸጥ ከቻለ፣ ጥቂት ኬሻውን በስሙ ለሐዋሳ ቡና ቆዪ መሸጥ የማይችልበት ምክንያት አሳማኝ አይደለም። ሁሉም ቡና ይቅር የሚል የለም። በየዓመቱ ከየወረዳው የተወሰነ መጠን፣ ደረጃው ተመስክሮ፣ የቀበሌው ስምና የተለቀመበት ዓመት ተጽፎበት ለከተማው ይልቀቅ። ምርት ገበያው ከሚቀምሳቸው ናሙናዎች ጋር በወር አንድ ቀን ለነዋሪው የቅምሻ ፕሮግራም ቢከፍት ወጪው ጥቂት ነው፤ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ አለው፣ ተማሪዎቹ ሊያስተናብሩት ይችላሉ። በሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎችና ሪዞርቶች ደግሞ ፈቃድ እስኪሰጣቸው መጠበቅ የማያሻው ሥራ አላቸው። እንግዳ «ይህ የየት ቡና ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አስተናጋጁ «የሲዳማ» ከማለት አልፎ ወረዳውን መናገር ይጀምር።

ጀበና ቡና የምትሸጠው ሴት በዚህ ውስጥ የት ነች? ከሁሉ የቀረበች ናት። ጥሬውን ገዝታ ጥቁር ጥቁሩን፣ የተሰበረውን በጣቷ እየለቀመች የምታወጣው እርሷ ናት፤ በጥራት ምርመራ ክፍል ውስጥ ጉድለት የሚቆጠርበት ሥራ በጥላዋ ሥር፣ በሰፌድ ላይ በየቀኑ ይከናወናል። አጥባ፣ ቆልታ፣ ወቅጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለደንበኛ ማቅረቧም ትልቅ ነገር ነው። ብዙ የሠለጠነ አገር ካፌ የሚያቀርበው ከሳምንታት በፊት የተቆላውን ነው። የጎደላት ጥሬው ብቻ ነው። የተሻለ ቡና ቢወደድባትስ? ስሌቱ እነሆ፦ አንድ ኪሎ ጥሬ ሲቆላ ወደ 850 ግራም ይወርዳል፤ በአንድ ስኒ ስምንት ግራም ገደማ ቢሄድ ከመቶ ስኒ በላይ ይወጣዋል። ስለዚህ በኪሎ መቶ ብር የጨመረ ቡና በአንድ ስኒ ላይ የሚጨምረው ከአንድ ብር አይበልጥም፤ ከዚያ ላይ ደግሞ ሦስቱ ማንኪያ ስኳር ወደ አንድ ቢወርድ ትርፉ የእርሷ ነው።